በመስገጃችን ላይ ያሉት አበቦች



የዛሬው ርዕሳችን ሩቅ አይደለም፤ ከእግራችን ሥር ነው። በቀን አምስት ጊዜ ግንባራችንን የምናሳርፍበት መስገጃ በየቤታችን አለ። ከሐጅ ወይም ከዑምራ የተመለሰ ዘመድ ያመጣልን፣ እህታችን ከዐረብ አገር የላከችልን፣ አለበለዚያም ከገበያ የገዛነው ሊሆን ይችላል። ሰግደን አጥፈን እናስቀምጠዋለን እንጂ ምን እንዳለበት ልብ ብለን ያየን ጥቂቶች ነን። እስኪ ዛሬ ከሰላት በኋላ ሳታጥፉት ትንሽ እዩት። ከላይ የበር ቅስት የሚመስል ቅርጽ አለ። በቅስቱ ውስጥ አንድ የተንጠለጠለ ነገር ይኖር ይሆናል። ዙሪያውን ደግሞ አበባ፣ እንቡጥ፣ ቅጠልና ሐረግ ተከታትሎ ይዞራል።

እነዚህ አበቦች ምን ማለት ናቸው? ይህን የምንጠይቀው ለማወቅ ጉጉት ያህል ብቻ አይደለም። በጉዳዩ ላይ ሁለት ዓይነት ንግግር ስለሚሰማ ነው። አንደኛው የሻጮች ንግግር ነው። «ይህ አበባ ሪዝቅ ያሰፋል፤ ያኛው የሰው ዓይን ይመልሳል፤ ይህ ደግሞ ልጅ ያሰጣል» እየተባለ ዋጋ ይጨመርበታል። ሁለተኛው የፍርሃት ንግግር ነው። «ምንነቱ ያልታወቀ ምልክት አለበት፤ ባለ አራት ቅጠሉ አበባ መስቀል ይመስላል፤ ጣሉት» የሚል ነው። በዚህ የተነሳ እናት ዕድሜዋን ሙሉ የሰገደችበትን ምንጣፍ ልጆቿ ጠቅልለው ጓዳ የሚጥሉበት፣ እርሷም «ታዲያ እስከ ዛሬ የሰገድኩት ምን ሊሆን ነው?» እያለች የምትብሰለሰልበት ጊዜ አለ። ሁለቱም ንግግሮች የሚነሱት ከአንድ ነገር ነው፤ አበባው እዚያ እንዴት እንደደረሰ ካለማወቅ። ስለዚህ እኛም ከዚያው እንጀምራለን።

በቅድሚያ ስለ ስሙ አንድ ነገር እንበል። «መስገጃ» የምንለው «ሰገደ» ከሚለው ቃል ነው። ምንጣፍን በአማርኛ «ስጋጃ» ማለታችንም ከዐረብኛው «ሰጃዳህ» የመጣ ሲሆን፣ እርሱም «ሱጁድ» ከሚለው ጋር ሥሩ አንድ ነው። ይህ ማለት ግን ሰላት የግድ ምንጣፍ ይፈልጋል ማለት አይደለም። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ከዘንባባ ቅጠል በተሠራች ትንሽ ሰሌን ላይ ይሰግዱ እንደነበር ባለቤታቸው መይሙና (ረ.ዐ.) አስተላልፈዋል። አነስ (ረ.ዐ.) ደግሞ በአያታቸው ቤት ከአገልግሎት ብዛት የጠቆረውን ሰሌን ውሃ እንዳርከፈከፉበትና ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) በእርሱ ላይ እንዳሰገዷቸው ተናግረዋል። በወሎ በአጎዛ ላይ ሲሰግዱ የኖሩ አባቶቻችንና እናቶቻችንም ከሰላታቸው የጎደለባቸው ነገር የለም። አበባ ያለበት የሱፍ ምንጣፍ የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው፤ በግ በብዛት ከሚረባበት፣ ክረምቱ ከሚከፋበት፣ ወለሉም ከሚቀዘቅዝበት አገር። አናጦሊያ (የዛሬይቱ ቱርክ)፣ ኢራን፣ ካውካሰስና መካከለኛው እስያ የዚህ ሥራ አገሮች ናቸው። እኛ ዛሬ የአናጦሊያውን ይዘን እንሄዳለን። የመስገጃ አበባ ከየት ተነስቶ ወዴት እንደደረሰ በግልጽ የሚታየው እዚያ ነውና።

አሠራሩን እንይ። በእጅ የሚሠራ ምንጣፍ አበባው አይሳልም፤ ይታሠራል። ሴቲቱ ድሩን ከላይ ወደ ታች ወጥራ ፊት ለፊቱ ትቀመጣለች። አጭር የሱፍ ክር በሁለት ድሮች ላይ ጠምጥማ ታስርና ትርፉን በቢላ ትቆርጣለች። አንዱን መስመር ስትጨርስ ማጉን ታሳልፍና ጥርስ ባለው ከባድ መምቻ ወደ ታች እየመታች ታጠብቀዋለች። ከዚያ ሌላ መስመር ትጀምራለች። የአናጦሊያው ቋጠሮ በምዕራብ ቱርክ ባለችው በጎርዴስ ከተማ ስም ይጠራል። የፋርሱ ደግሞ በኢራኗ ከተማ በሰነ ስም ይጠራል። የሚያስቀው ነገር የሰነ ሴቶች ራሳቸው የሚያስሩት የጎርዴሱን ዓይነት መሆኑ ነው። ስም ሲወጣ አንዳንዴ እንዲህ ነው።

አንድ የመንደር መስገጃ በአሥር ሳንቲ ሜትር በአሥር ሳንቲ ሜትር ቦታ ላይ አንድ ሺህ ያህል ቋጠሮ ይኖረዋል እንበል። ወርዱ 1 ሜትር ከ20፣ ርዝመቱ 1 ሜትር ከ80 ቢሆን በጠቅላላው 216,000 ቋጠሮ ማለት ነው። በቀን 6,000 የምታስር ሴት ያለ ዕረፍት 36 ቀን ይፈጅባታል። ሱፉን ማጠብ፣ መፍተልና ማቅለም በዚህ ውስጥ አልተቆጠረም። ላም የምታልብ፣ ልጅ የምታሳድግ፣ እህል የምትሰበስብ ሴት ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሽመና ላይ ልትውል አትችልም። ስለዚህ ሥራው ወራት ይወስዳል።

አሁን ወደ አበባው ስንመለስ፣ እያንዳንዱ ቋጠሮ እንደ አንዲት ትንሽ ካሬ ሆኖ ይቆጠራል። በካሬ ክብ መሥራት አስቸጋሪ ነው። ቋጠሮው እጅግ ደቃቅ ከሆነ ዓይን ይታለልና ክብ ይመስለዋል። የመንደሩ ቋጠሮ ግን ወፍራም ነው። ስለዚህ ክቡ ደረጃ ደረጃ ይሠራል፤ የአበባው ጫፍ ሦስት ማዕዘን ይሆናል፤ የታጠፈው ግንድ ይሰበራል። ስፌት የሚሰፉ እናቶቻችን ይህን ያውቁታል፤ በሞሰብ ላይ የሚወጣ ቅርጽም በስንደዶው ቆጠራ ልክ ነው የሚሄደው። ባለ አራት ቅጠሉ አበባም እንዲሁ ነው። ከፊት ለፊት የታየ አበባ በቋጠሮ ሲሠራ አንዱ ቅጠል ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች፣ ሁለቱ ወደ ጎን ይወጣሉ። ሌላ መሄጃ የላቸውም።

ይህ ቅርጽ ምን ያህል የቆየ እንደሆነ የሚያሳይ አንድ ምንጣፍ አለ። እ.ኤ.አ. በ1949 ሩሲያዊው ተመራማሪ ሰርጌይ ሩደንኮ በሳይቤሪያ በአልታይ ተራሮች፣ ፓዚሪክ በሚባል ቦታ፣ በበረዶ ውስጥ ተጠብቆ የቆየ መቃብር ከፍቶ አገኘው። እስካሁን ከታወቁት ሙሉ የቋጠሮ ምንጣፎች ሁሉ የሚበልጥ ዕድሜ አለው። ዛሬ በሴንት ፒተርስበርግ በሄርሚታዥ ሙዚየም ይገኛል። በመሐሉ በ24 ካሬዎች ውስጥ ባለ አራት እንቡጥ አበቦች ተደርድረዋል። የተሠራው ከነቢዩ ዒሳ (ዐ.ሰ.) መወለድ በፊት በነበሩት ከአምስተኛው እስከ ሦስተኛው ክፍለ ዘመናት ባለው ጊዜ ነው። እንግዲህ ያን አበባ መስቀል ነው ብሎ መጥራት የዘመን ስሌቱ ራሱ አይፈቅድም። ሆን ተብሎ መስቀል ተደርጎ የተሠራ ነገር ቢኖር ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ለዑለማዎች እንተወዋለን። አበባውን ግን አበባ እንበለው።

ወደ አናጦሊያ እንመለስ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ፣ በኢስታንቡል ቤተ መንግሥት የሠዓሊዎች አለቃ የነበረ ቃራ ሜሚ የሚባል ሰው ነበር። ከእርሱ በፊት ይሠራበት የነበረው አበባ በአብዛኛው የሐሳብ አበባ ነበር፤ በየትኛውም አትክልት ቦታ የማይበቅል። ቃራ ሜሚና ባልደረቦቹ ግን በደጃቸው የሚያዩትን አበባ መሥራት ጀመሩ፤ ቱሊፕ፣ ካርኔሽን፣ ሱምቡልና ጽጌረዳ። ይህ አሠራር ከመጽሐፍ ገጾች ወደ ሸክላ ንጣፎች፣ ከሸክላው ወደ ሐር ጨርቅ፣ ከጨርቁ ወደ ምንጣፍ ተላለፈ። ኢስታንቡል የሄደ ሰው በ1560ዎቹ በተሠራው የሩስተም ፓሻ መስጊድ ግድግዳ ላይ ቱሊፑን በብዛት ያየዋል።

በዚያው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ለቤተ መንግሥት ሰዎች ከተሠሩት መስገጃዎች አንዱ ዛሬ በኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ይገኛል። ሦስት ቅስቶች በቀጫጭን ጥንድ ዓምዶች ላይ ቆመዋል። በመካከለኛው ቅስት ውስጥ ፋኖስ ተንጠልጥሏል። በዓምዶቹ አካባቢ አበቦች በቅለዋል። ቅስቱ ሚህራብ ነው። ፋኖሱ ደግሞ በሱረቱ ኑር 35ኛ አንቀጽ ላይ የተነገረውን መብራት የሚያስታውስ እንደሆነ ብዙዎች ይናገራሉ። ይህ ምንጣፍ በወረቀት ላይ አስቀድሞ በተነደፈ ሥዕል የተሠራ፣ ቋጠሮው ደቃቅ፣ ክቡ ክብ የሆነ ሥራ ነው።

የመንደር ሴቶች እንዲህ ያለውን አዩት። ምናልባት በመስጊድ፣ ምናልባት በባለጸጋ ቤት፣ ምናልባትም ከእርሱ የተቀዳውን ቅጂ ይሆናል። በወረቀት የተነደፈ ነገር ግን በእጃቸው አልነበረም። ልጅ ከእናቷ፣ እናትም ከአማቷ እያየች በቃል ሠሩት። በቆንያ አካባቢ ባለችው በላዲክ፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የተሠሩትን መስገጃዎች ብናይ ሦስቱ ቅስቶች አሉ፤ ነገር ግን ደረጃ ደረጃ ሆነዋል። ዓምዶቹ ቀጥነው በአንዳንዶቹ ላይ መቆሚያ እንኳ የላቸውም፤ እንደ ጥለት ወርደዋል። አበቦቹ ግን አልጠፉም። ይልቁንም ቦታ ለቅቀው ወጥተው ራሳቸውን ችለዋል። ከቅስቱ በላይ ወይም በታች በተለየ መደብ ላይ ረጃጅም ግንድ ያላቸው ቱሊፖች ተሰልፈው ይቆማሉ። የላዲክ መስገጃ የሚታወቀው በዚህ ነው።

ፋኖሱስ? እኛን ከሁሉ ያስገረመን የእርሱ ነገር ነው። በጎርዴስና በሌሎችም ቦታዎች አንዷ ሴት ፋኖሱን ከሌላዋ ስትቀዳ፣ ሌላዋም ከእርሷ ስትቀዳ ቅርጹ ቀስ በቀስ ተለወጠ። በመጀመሪያ ማሰሮ መሰለ። ቀጥሎ ከማሰሮው አበባ ወጣ። በመጨረሻ የተንጠለጠለ የአበባ እቅፍ ሆነ። ሠሪዎቹ ፋኖስ እየሠሩ እንደሆነ ዘንግተውታል። ስለዚህ በመስገጃችን ቅስት ውስጥ ቁልቁል የተንጠለጠለ አበባ ብናይ፣ «አበባ ለምን ተገልብጦ ይበቅላል?» ብለን ምስጢር ፍለጋ አንድከም። ድሮ መብራት ነበር።

አሁን አበቦቹን አንድ በአንድ ጥቂት እንመልከት። ቱሊፕ በቱርክኛ «ላሌ» ይባላል። በዐረብኛ ፊደል ሲጻፍ አንድ አሊፍ፣ ሁለት ላምና አንድ ሀ አለው። «አላህ» የሚለው የተከበረ ስምም የሚጻፈው በእነዚሁ ፊደላት ነው። «ሂላል» (ጨረቃ) የሚለውም እንዲሁ። በአብጀድ ስሌት ሦስቱም 66 ይሆናሉ። የኦቶማን ጸሐፊዎች ይህን ያውቁ ነበር፤ ቱሊፕን የወደዱበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ይህ ግን የጸሐፍት የፊደል ጨዋታ እንጂ የሃይማኖት ድንጋጌ አይደለም። ቱሊፕ ባለበት ምንጣፍ ላይ የሰገደ ሰው ከሌላው የተለየ አጅር አያገኝም።

ካርኔሽን በቱርክኛ «ካራንፊል» ይባላል። ቃሉ ከኛው «ቅርንፉድ» ጋር አንድ ነው፤ የአበባው ሽታ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ስለሚል ስሙን ከዚያ ወሰደ። በምንጣፍ ላይ ጫፉ እንደ ማራገቢያ ተዘርግቶ በጥርስ ጥርስ ስለሚጨርስ ለመለየት ቀላል ነው። ጽጌረዳ በኦቶማን ሕዝብ ዘንድ የነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ፍቅር መግለጫ ሆኖ ኖሯል። ሮማን በፍሬው ብዛት የተነሳ የልጅና የበረከት ምልክት ነው ይባላል። ለእኛ ግን ሮማን በቁርኣን ከጀነት ፍሬዎች መካከል የተጠቀሰ መሆኑ ይበቃናል። ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉ የማይረግፈው የፈረንጅ ጥድም አለ። በኢራንና በሕንድ ሥራዎች ደግሞ ጫፏ የታጠፈች የውሃ ጠብታ የምትመስል ቅርጽ አለች፤ እናቶች በሻርፕ ላይ የሚያውቋት ናት። በፋርስኛ «ቦቴህ» ትባላለች፤ ቁጥቋጦ ማለት ነው። አንዱ ጥድ ናት ይላል፤ ሌላው ለውዝ፣ ሦስተኛው የእሳት ነበልባል። ሠሪዎቹ ቁጥቋጦ ብለው ከጠሯት እኛም በዚያው ብንረጋ ይሻለናል።

ይህን ስንል አበባው ፈጽሞ ትርጉም የለውም ማለታችን አይደለም። ውሃ በጠፋበት ደረቅ አገር አበባ ያለበት ወለል መዘርጋት ራሱ ንግግር ነው፤ የአትክልት ቦታን ወደ ቤት ማስገባት ነው። በኢራን በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠሩ፣ የውሃ ቦይ በመሐላቸው የሚፈስ፣ ዛፍና አበባ የተተከለባቸው ሙሉ የአትክልት ሥፍራ የሆኑ ምንጣፎች አሉ። ከመካከላቸው አንዱ በስኮትላንድ በግላስጎው ከተማ በበሬል ሙዚየም ይገኛል። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ጋሺያህ የጀነትን ጸጋዎች ሲዘረዝር የተነጠፉ ምንጣፎችን መጥቀሱም የታወቀ ነው። እኛ የምንቃወመው ከዚህ አልፎ አበባን እንደ ሒርዝ ማየትን ነው። ሪዝቅ የሚሰጠው አላህ እንጂ የሱፍ ክር አይደለም።

ስለ አትክልት ምንጣፍ ካነሳን ሊታለፍ የማይገባው ታሪክ አለ። በ16 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 637) የሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ (ረ.ዐ.) ሠራዊት የፋርሶችን ዋና ከተማ መዳኢንን ሲይዝ በንጉሡ አዳራሽ አንድ ታላቅ ምንጣፍ አገኘ። ጠበሪ እንደዘገበው ስድሳ ክንድ በስድሳ ክንድ ነበር። በክረምት አበባ በማይኖርበት ጊዜ ነገሥታቱ በላዩ ተቀምጠው እንዲጠጡ፣ በወርቅ፣ በሐርና በዕንቁ የፀደይ አትክልት ተደርጎ የተሠራ ነበር። ምንጣፉ ወደ መዲና ተላከ። ሰሓቦች ምን ይደረግ በሚለው ተመካከሩ፤ የከሊፋው የዑመር (ረ.ዐ.) ውሳኔ ተቆራርጦ እንዲከፋፈል ሆነ። ዐሊ (ረ.ዐ.) የደረሳቸው ቁራጭ ከሁሉ የተሻለው እንኳ ሳይሆን በ20,000 ዲርሃም ተሸጠ። ያ ሁሉ የንጉሥ አበባ ለሰው ሁሉ ድርሻ ሆኖ ተበተነ ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ ዋናው የቤተሰብ ጥያቄ እንምጣ። በአበባ ያጌጠ ምንጣፍ ላይ መስገድ እንዴት ይታያል? የእኛ ዝግጅት ፈትዋ መስጫ አይደለም። ሆኖም በሐዲስ መጻሕፍት የታወቁ ሁለት ነገሮችን ማስታወስ እንችላለን። አንደኛ፤ ኑሮው በሥዕል ሥራ ላይ የተመሠረተ ሰው ወደ ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) መጥቶ በጠየቃቸው ጊዜ፣ የግድ መሥራት ካለበት ዛፍንና ሩሕ የሌለውን ነገር እንዲሠራ ነግረውታል። ሙስሊም ሸማኔዎች መስገጃን በሰውና በእንስሳ ምስል ሳይሆን በቅጠልና በአበባ የሞሉበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሁለተኛ፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጥለት ባለበት ልብስ ሰግደው ሐሳባቸውን ስለሳበባቸው ለአቡ ጀህም እንዲመለስና በምትኩ ጥለት የሌለው ልብስ እንዲመጣላቸው አዘዋል። ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ናቸው ያስተላለፉት። ልብ እንበል፤ ልብሱን አላቃጠሉም፤ ሰላቱንም አልደገሙም። ችግሩ የተነሳው ከትኩረት አንጻር ነው።

ስለዚህ መለኪያው በእጃችን ነው። አበባው ዓይናችንን የሚሰርቀን ከሆነ ለሰላት ጥለት ያልበዛበትን እንጠቀም፤ ያንን ለእንግዳ እናንጥፈው። የማይሰርቀን ከሆነ እናት ከሐጅ ያመጣችውን ምንጣፍ ጓዳ የምንጥልበት ምክንያት የለም። እርሷም ለሰገደችው ሰላት ልትሰጋ አይገባትም። ልጆች ይህን ቁጭ ብለው በለሰለሰ አንደበት ሊነግሯት ይገባል፤ የፈሩትን ያህል ድምፅ ከፍ አድርገው የተናገሩት እነርሱ ናቸውና።

የጥንት ሙስሊሞችም አበባንና የዒባዳ ምልክትን ይለዩ እንደነበር የሚያሳይ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1610 የኦቶማን ቤተ መንግሥት ምንጣፍ በሚሠራበት በኩታህያ ለነበሩ ሹማምንት ትእዛዝ ላከ። ሙስሊም ላልሆኑ ሰዎች የሚሸጡ ምንጣፎች ላይ ሚህራብ፣ የካዕባ ምስልና ጽሑፍ እንዳይደረግ የሚል ነው። እነዚህ እግር ሊረግጣቸው አይገባም ነበርና። ትእዛዙ በተግባር ምን ያህል እንደተጠበቀ ሲታይ ግን ፈገግ ያሰኛል፤ በሩማኒያ በብራሾቭ ከተማ የሚገኘው ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ዛሬም ከመቶ በላይ የአናጦሊያ ምንጣፎች አሉት፤ ብዙዎቹም ቅስት ያላቸው ናቸው። ነጋዴ ነጋዴ ነው።

በመጨረሻ፣ በቤታችን ያለው ምንጣፍ የእጅ ሥራ ይሁን የማሽን እንዴት እናውቃለን? ከአብዛኞቻችን ዘንድ ያለው የማሽን ነው፤ ይህ ነውር የለውም። የእጅ ነው ተብሎ በብዙ ገንዘብ ሊሸጥልን ሲል ግን እንገልብጠው። በእጅ የታሠረ ምንጣፍ ጀርባው ላይ ቋጠሮዎቹ አንድ በአንድ ይታያሉ፤ አበባውም ከፊቱ ባልተናነሰ በጀርባው ይነበባል። ጫፉ ላይ ያለው ዘርፍ የድሩ ቅጣይ ነው፤ በኋላ የተሰፋ አይደለም። ቀለሙንም እንይ። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ የፋብሪካ ቀለም ሲገባ ከተክል ሥር ይወጣ የነበረው ቀይና ከቅጠል ይወጣ የነበረው ሰማያዊ በብዙ መንደሮች ተረሳ። እ.ኤ.አ. በ1981 በምዕራብ ቱርክ በአይቫጂክ አካባቢ ሃራልድ ቦመር የተባለ ጀርመናዊ የኬሚስትሪ መምህር የድሮ ምንጣፎችን ቀለም መርምሮ ያገኘውን አሠራር ለመንደሮቹ ለማስመለስ ሥራ ተጀመረ። ሴቶቹም ተደራጅተው እንደገና ማቅለም ያዙ።

ከእነዚያ ሴቶች እጅ የወጣ ምንጣፍ ላይ አንዳንዴ አንዱ አበባ በመሐሉ ቀለሙን ይለውጣል፤ ቀዩ ከላይ ደመቅ፣ ከታች ፈዘዝ ይላል። ክሩ አልቆባት ሌላ ስታቀልም ነው። ልጆቻችሁን ጠርታችሁ ብታሳዩዋቸው፣ ሴቲቱ የትኛው መስመር ላይ ደርሳ ተነስታ ወደ ጉልቻው እንደሄደች በጣታቸው ሊያሳዩዋችሁ ይችላሉ።